ሽብልቅና ቁልፍ

አማርኛ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም «ጅማት» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ለእኔ ሥራ ይህ ስም ልክ ነው። ጉልበት ውስጥ የተበጠሰውን የፊት መስቀለኛ ጅማት ስተካ፣ ከጭን ጀርባ የጡንቻ ጅማት ወስጄ አራት እጥፍ አደርገውና የሌላውን ሥራ እሰጠዋለሁ።

ጥንካሬ አያንሰውም። በቤተ ሙከራ ሲጎተት የወጣት ሰው መስቀለኛ ጅማት የሚበጠሰው ወደ 2,160 ኒውተን ሲደርስ ነው፤ አራት እጥፉ ከዚያ በላይ ይሸከማል። የሚያስጨንቀኝ የታሰረበት ቦታ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ማሳሂሮ ኩሮሳካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት በቀዶ ሕክምናው ሰሞን ደካማው ማሰሪያው መሆኑን አሳይተዋል፤ 9 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎንም ከ6.5ቱ የተሻለ ያዘ።

ብሎኑ የሚሠራው እንደ ሽብልቅ ነው። የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ ሽብልቅ እንደሚመታበት፣ ብሎኑም አጥንቱ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ከጅማቱ ጎን ገብቶ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ሽብልቅ ግን የሚይዘው እንጨቱ ሲጠነክር ነው። ስለዚህ ጭን አጥንት ላይ ቁልፍ እመርጣለሁ፦ 12 ሚሊሜትር ገደማ የምትረዝም የቲታኒየም ቁራጭ፣ በቁመቷ ቀዳዳውን አልፋ ስትወጣ ጠንካራው የአጥንት ቅርፊት ላይ ትጋደማለች። ክሮቹን ወዲህና ወዲያ ስስብ መጋደሟ በጣቴ ይታወቀኛል። ያም ሆኖ በራጅ ሳላይ አልዘጋም። ጉድለቷ የምትይዝበት ቦታ ከመገጣጠሚያው መራቁ ነው፤ ጅማቱ እየተሳበና እየተመለሰ ቀዳዳውን ሊያሰፋው ይችላል።

ከባዱ የታችኛው ነው። የቅልጥም አጥንት እዚያ ላይ ስፖንጅ መሰል ነው፤ ጅማቱም የሚጎተተው በቀዳዳው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንድ ልጅ ጉልበት ላይ ብሎኑ ያለ ትግል ሲዞርልኝ እጄ ነገረኝ፤ ቦታው ደህና ስለመሰለኝ አለፍኩት። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ጉልበቱ ላልቶ ተመለሰ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ያ የእጅ ስሜት ዛሬም አልለቀቀኝም። አሁን ብሎን እንደዚያ ከቀለለኝ፣ የጅማቱን ክሮች ወደ ታች አውርጄ ጠንካራው ቅርፊት ላይ በተተከለ ሌላ ብሎንና ዋሸር እቋጥራቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጅማቱን ወጥሬ ጉልበቱን 20 ጊዜ ያህል አጥፌ እዘረጋለሁ፤ ሊላላ ያለው ሁሉ እዚያው ይላላ። ሰዓቱ ቢሄድም፣ ቡድኑ ቢደክምም፣ ይህችን አልቆርጣትም።

ማሰሪያው የሚይዘው ጅማቱ ራሱ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ የውሻ ጥናት፣ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ ጅማቱ ሲጎተት ከአጥንቱ ተመዝዞ ይወጣ ነበር፤ ከአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ወዲህ ግን አልወጣም። ታካሚዎቼ ደግሞ በስድስተኛው ሳምንት ክራንቻቸውን ጥለው፣ ሕመሙ ጠፍቶላቸው ይመጣሉ።

«ዶክተር፣ ድኛለሁ እኮ! ኳስ መቼ ነው?»

ራጁን ብርሃን ላይ እሰቅልና ቁልፏን በጣቴ አሳያቸዋለሁ። ጉልበታቸውን የያዘችው ገና እሷ ናት።