አንገት ሲዞር የሚዞር ዓለም

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፕሮፌሰር አይቫን ሰዘርላንድ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራስ ላይ የሚጠለቅ የኮምፒውተር ማሳያ ሲሠሩ፣ አብረዋቸው ከለፉት አንዱ ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን ያልጨረሰው የፊዚክስ ተማሪ ቦብ ስፕሮል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1968 በጥናት ወረቀት የቀረበው መሣሪያ ከጣሪያ በተንጠለጠለ ዘንግ የጭንቅላትን እንቅስቃሴ ይለካል፤ በዚያው መጠን በሁለቱ ዓይኖች ፊት የሚታየውን የመስመር ሥዕል እየቀያየረ ይስላል። ያጠለቀው ሰው ጎንበስ ቢል ሥዕሉን ከሥር፣ ዞር ቢል ከጎን ያየዋል። ጥልቀት ያለው ነገር ያየን እንዲመስለን፣ ለሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ምስል ከማቅረብ ይልቅ ስንንቀሳቀስ የሚለወጠው ምስል እንደሚበልጥ ሰዘርላንድ አስተውለው ነበር።

የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው፤ ሰውነትን ራሱን የማሽኑ አዛዥ አደረጉት። ዛሬ በቨርችዋል ሪያሊቲ (ኮምፒውተር በሚፈጥረው ምናባዊ ዓለም) የእጅና የእግር እንቅስቃሴን የሚያጠና ተማሪ ሁሉ የዚህ ሥራ ወራሽ ነው። ከባድ ጥያቄን ለወጣት አምኖ መስጠት እንዲህ ያፈራል።