ተነሽና ወዳቂ በባዮሎጂ ክፍል

ሞጣ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን አንዱን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለንባብ አስነሣሁት። ከእንግሊዝኛው ቃል በላይ በእርሳስ «ክሎሮፕላስት» ብሎ በፊደላችን ጽፎ ኖሮ ሰባቱንም ፊደል እኩል እየረገጠ አነበበው። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት እጁን አላወጣም። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ቃሉ እንዴት እንደሚከፈል ሳላሳይ ነው ያስነበብኩት።

እኛ ፊደል እየቆጠርን ነው ያደግነው። ሳድስ ግን ታታልላለች፤ አንዳንዴ ድምፅ ትይዛለች፣ አንዳንዴ ባዶዋን ትቀራለች። ክሎሮፕላስት በፊደል ሰባት፣ በእንግሊዝኛ ጆሮ ሦስት ነው፦ ክሎ-ሮ-ፕላስት። ከሦስቱ ጎልቶ የሚነሣው «ክሎ» ነው። እጅን አገጭ ሥር አድርጎ ቃሉን ቢሉት አገጭ የሚወርደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

መላውን ያገኘሁት ቢቸና ተዛውሬ ነው። የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ቅርብ ነውና ከተማሪዎቼ የቄስ ትምህርት የቀመሱ ነበሩ። የንባብ ቤት ልጅ መጀመሪያ በግእዝ እየጎተተ ያነባል፤ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ ይቀጥላል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ የሚባሉትን የአነባበብ ዓይነቶችም ይለያል። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ቃል ስከፍል አንዱ፣ «ቲቸር፣ ይኼማ ያው ተነሽና ወዳቂ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ረጅም ቃል የምይዘው ከጭራው ነው። በ«ግራፊ» ወይም በ«ሎጂ» ካለቀ ከመጨረሻው ሦስተኛው ክፍል ይነሣል፤ በ«ኢክ» ካለቀ ከእርሱ በፊት ያለው። ፎቶግራፍ ላይ «ፎ»፣ ፎቶግራፊ ላይ «ቶ»፣ ፎቶግራፊክ ላይ «ግራ» ይነሣል። ቴርሞሜትር ላይ ልጆቹ «ሜ»ን ያነሣሉ፤ መነሣት ያለባት «ሞ» ናት። ዲኤንኤ ሲተነተን የሚያስፈራው ስምም ስምንት ክፍል ብቻ ነው፦ ዲ-ኦክ-ሲ-ራይ-ቦ-ኑ-ክሌ-ይክ። እንደ ሕጉ «ክሌ» ትነሣለች።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛ የተማረ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ እነዚህ ቃላት ባንድ ጊዜ ይወርዱበታል። መጥራት ያቃተውን ነገር ደግሞ ተማሪ አይጠይቅም፤ ዝም ይላል፣ እኛም የገባው ይመስለናል። የሙያ ባልደረቦቼ፣ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ቃሉን ሦስት ጊዜ አስነብቡ፦ በግእዝ፣ በውርድ፣ በቁም።