አዳራሽ ሁሉ ቴአትር ቤት አይደለም

የመብራት ባለሙያ መድረክ ላይ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚፈልገው ጨለማ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ጨለማውን አይነፍግም፤ ሲወጠን ሲኒማ ቤት ነበርና። ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃ በፈረንሳዊው አርክቴክት በአንሪ ሾሜት እጅ ተለውጦ፣ በ1948 ዓ.ም. ለዘውዱ ኢዮቤልዩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። በ1990ዎቹ የአማርኛ ፊልም ሲጎርፍ ደግሞ የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ስክሪን ሰቀሉ።

አዳራሹ ቀን ለፊልም፣ ማታ ለቴአትር ሲውል የእኛ የመብራት ሠራተኞች ሥራ ይገለበጣል። ለፊልሙ ከመተላለፊያው ላይ ካለችው ጭላንጭል በቀር ሁሉም ይጠፋል፤ በበር ስንጥቅ የገባች ብርሃን እንኳ የምስሉን ጥቁር ታነጣዋለች። ለቴአትሩ ግን ተዋናዩን ከግራና ከቀኝ፣ ከ45 ዲግሪ ገደማ ከፍታ እናበራለታለን። ፊት ለፊት ብቻ ከሆነ ፊቱ የመታወቂያ ፎቶ ይመስላል፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ነገር ከኋላ ወንበር አይታይም። ደግሞ ፊልም ሳቅ አይጠብቅም፣ ተመልካቹ ሲስቅ ቀጣዩ ንግግር ይዋጣል። ተዋናይ ይጠብቃል፤ መብራቱን የያዘው እጅም አብሮ ይጠብቃል።

ትርኢቱ ሊያልቅ ሲል ተነስተው የሚወጡ አሉ። አንዳንዱ ባልደረባዬ በዚህ ይከፋል፤ እኔ አልፈርድባቸውም። ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የሚገባ ሰው ከመሸ በኋላ ታክሲ ፍለጋው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ታዲያ ትርኢቱ ለምን ወደ እነሱ አይሄድም? ይሄዳል፤ የሚያርፈው ግን በስብሰባ አዳራሽ ነው። ወለሉ ሜዳ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ መድረኩ ለጠረጴዛና ለአበባ የተለካ። ተዋናይ የሚደበቅበት ጎን ስለሌለ ሕዝቡ እያየው በዋናው በር ይገባል። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ስንጋርድ እንውላለን። ማብሪያ ማጥፊያው አንድ ከሆነ ደግሞ፣ አዳራሹን ያጨለምን እንደሆነ መድረኩም አብሮ ይጨልማል።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ግንባታው አላባራም። አዳራሽ የምታሠሩ ሰዎች፣ ኮንክሪት ከመሙላታችሁ በፊት አንድ የመድረክ ሠራተኛ አማክሩ። ወለሉ ወደ መድረክ ያዘቅዝቅ፣ ከመጋረጃው ግራና ቀኝ ስፍራ ይኑር፣ የመድረኩና የአዳራሹ መብራት ይለያይ፣ ከኋላ ለፕሮጀክተርና ለመብራት አንዲት ክፍል ትተው። ይህ ሁሉ ገና ፕላኑ ላይ ሳለ ቀላል ነው። የወለሉ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን እኛንም አትጥሩን፤ የምናስተካክለው አይሆንም።