የበዛብህ ስለት፤ ከፋዩ ማነው?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ባልንጀራ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንጠረጥርም። ያላነበበ ቢኖር እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው የሰማ ዘመድ አያጣም። ስለ መጽሐፉ በተነሣ ቁጥር ግን ወሬው ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢትና ወደ ጉዱ ካሳ ምላስ ይሮጣል። እኛ በዚህች አጭር ሂስ ልናነሣ የፈለግነው አንድ የተዘነጋ ነገር ነው፤ የማንኩሳዎቹ ባልና ሚስት፣ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ስለት።

ታሪኩ ይታወቃል። ውድነሽ ባሎቿ እየሞቱባት «ገፊ» የተባለች ሴት ናት። በስንት መከራ ያገኙት ልጅ ሲታመምባቸው፣ ቢተርፍ ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እያገለገለ እንዲኖር ወላጆቹ ተሳሉ። ልጁ ዳነ፤ ተማረ፤ አደገ። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ግን ያ ያልተማከረበት ቃል ከፊቱ ቆመ።

በዚህ ጉዳይ ማደሪያችን ውስጥ ሌሊቱ እስኪጋመስ ተከራክረናል። ግማሾቻችን «አባትና እናትህን አክብር ተብሏል፤ በቃ!» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ይህ እኮ ጭቆና ነው» ብለን ጮኽን። ውለን አድረን ስናስበው ሁለታችንም አንድ ጥያቄ ዘለናል፦ ስለቱን የተሳለው አንድ ሰው፣ የሚከፍለው ሌላ ሰው ሲሆን ስጦታው የማነው?

የሐናን ታሪክ እናስታውስ። ሐናም ልጇን ለቤተ መቅደስ ተስላለች። ነገር ግን የሰጠችው የራሷን ነው፤ ስትናፍቀው የኖረችውን ልጅ ከጉያዋ ማጣትን። ሳሙኤል ደግሞ አድጎ ልጆች እንደ ወለደ መጽሐፉ ይናገራል። የእናቱ ስለት የእርሱን ጎጆ አልዘጋም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ደግሞ፣ ለወላጅ የሚገባውን «ቍርባን ነው» ብለው የሚያስቀሩ ሰዎች ተነቅፈዋል። በእግዚአብሔር ስም የሌላውን ድርሻ መስጠት እንደማይቻል ከዚህ እንማራለን። ታዲያ ልጅ የወላጁን ድርሻ መሳል ካልቻለ፣ ወላጅስ የልጁን ይችላልን?

ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክህነትን ትምህርት ከውስጥ ያውቁት ነበር። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ መጽሐፍ ለፊታውራሪ መሸሻ ምሕረት የላቸውም። ለልጁ የሚመጣውን ባል ሁሉ በዘር እየመዘነ የሚመልሰውን አባት እያሳቁ ይቀጡታል። የበዛብህን ወላጆች ግን አብረዋቸው ያለቅሳሉ። ይህ አድልዎ ነው የሚል ሰው አይጠፋም፤ የሁለቱም ቤት ልጆች ትዳር ተከልክለዋልና። እኛ ግን የመጽሐፉ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው እንላለን። ትዕቢት ልጅን ሲያስር ማየት ቀላል ነው። እውነተኛ ፍቅር፣ ያውም ጸሎት የተጨመረበት፣ ልጅን ሲያስር ማሳየት ግን ይከብዳል። ቅር የሚለን ይህንን ልዩነት ደራሲው እስከ ጥጉ አለመግፋታቸው ነው። በስለቱ ላይ የሚሰነዘረው ጥያቄ በፊታውራሪው ላይ እንደሚወርደው ሂስ አይሰላም።

መልሱን የምትሰጠው ሰብለ ናት። የወንድ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ወጣች፤ ያገኘችው ሊሞት ሲል ነው። ከዚያ በኋላ መነኰሰች። እንግዲህ አስተውሉ! በዛብህ ትዳርን የተነፈገው በሌላ ሰው ቃል ነው፤ ሰብለ የተወችው በራሷ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም አንድ ዓይነት ብሕትውና ነው፤ ከፋዩ ግን ተለየ። ራስን መስጠት ማለት፣ ስሙ እንደሚለው፣ ራስን ነው፤ ሌላውን አይደለም።

ይህ ነገር የማንኩሳ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን በሬ ተሸጦለት የመጣ አለ። «ሐኪም ሁንልኝ» ተብሎ ተመርቆ፣ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ገብቶ ለአባቱ ደብዳቤ መጻፍ ያቃተው አለ። «የድካማችን ዋጋ አንተ ነህ» የሚለው ቃል ከስለት በምን ይለያል? ደግሞም በሬው በእውነት ተሽጧል፤ ዕዳው የለም ብለን ልንቀልድ አንችልም።

ለዚህ ዮሐንስ በምዕራፍ 19 የጻፈውን ደጋግመን አንብበናል። ክርስቶስ እናቱ ቆማ ስታለቅስ ከመስቀሉ አልወረደም። ነገር ግን በዚያ ሥቃይ መካከል እናቱን የሚያስጠጋ ደቀ መዝሙር ሰጣት። የመጣበትን አልተወም፤ እሷንም አልረሳም። ማክበር ይህ ይመስለናል፦ ስታረጅ ቤት አለመንሣት፣ ስትጠራ አቤት ማለት፣ ደብዳቤዋን ሳይመልሱ አለማሳደር። ሕይወትን ግን በሌላ ሰው ስለት መክፈል አይቻልም፤ እናት ብትሆንም እንኳ።

በዛብህን ድጋሚ ስታነቡ ይህን ይዛችሁ አንብቡት። ደብዳቤ ያሳደራችሁም ካላችሁ ዛሬውኑ ጻፉ።