«አደራ፣ እንዳትነግሪያት»

ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎችን የምታስታምም ነርስ ሁሉ ይህን ቃል ታውቀዋለች። አስታማሚው ከክፍሉ ወጣ ያደርግሽና «ሲስተር፣ አደራ፣ እንዳትነግሪያት» ይላል። እናቱ ከሰማች ተስፋ ቆርጣ ቶሎ ትሞትብኛለች ብሎ ነው የሚፈራው።

ፍርሃቱን አልንቅም። እኛ አገር መርዶ እንኳ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ተደርጎ ነው። ስለዚህ ለልጁ ስለ ታማሚ መብት ሕግ አልጠቅስለትም። ቃል ግን አልገባለትም። «እኔ ቀድሜ አልነግራቸውም፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም» እለዋለሁ።

ከዚያ ታማሚዋን ራሳቸውን እጠይቃለሁ፦ «ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ነገሩዎት? አዲስ ነገር ካለ ሐኪሙ ለእርስዎ ይንገርዎት ወይስ ለልጅዎ?» አንዳንዱ «ለልጄ ንገሩት፣ እኔን ተዉኝ» ይላል። ይህም መልስ ነው፤ ይከበራል። ብዙዎቹ ግን ከእኛ በፊት ጠርጥረዋል፤ ዝም ያሉት ለልጆቻቸው አዝነው ነው።

የጨጓራ ካንሰር የያዛቸውን አንዲት እናት ልጆቻቸው «ጨጓራ ብቻ ነው፣ ይድናል» ብለዋቸው ነበር። ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ጊዜው ከቀረበ ንገሪኝ፤ መቁረብ እፈልጋለሁ» አሉኝ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ቁርባን የተቀበለ ሰው እንዳያስመልሰው ብርቱ ጥንቃቄ ይደረጋል፤ እሳቸውን ደግሞ በሽታው ያስመልሳቸዋል። ሐኪሙ ልጆቹ ባሉበት በግልጽ ከነገራቸው በኋላ የንስሐ አባታቸው መጡ። የማስመለስ መከላከያ መርፌ ከቁርባኑ በፊት መወጋት ይችሉ እንደሆነ ጠየቅናቸው፤ ፈቀዱ። ቀንና ሰዓት ቆርጠን፣ መርፌውን በሰዓቱ ሰጥተን፣ ቆረቡ። ብዙም ሳይቆይ መዋጥ አቃታቸው። እውነቱ ከዚያ በኋላ ቢነገራቸው ኖሮ ምን ያደርግላቸዋል? ሙስሊም ታማሚም እንዲሁ ነው፤ ዕዳውን ለመክፈል፣ ወዳጅ ዘመዱን «አፉ በሉኝ» ለማለት ጊዜና የጠራ ልብ ይፈልጋል።

ሕመም እያንገበገበው ደግሞ ማንም በቅጡ አይናዘዝም። ነርስነት ጀምራ ኋላ ሐኪም የሆነችው እንግሊዛዊቷ ሲሴሊ ሳንደርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ስትከፍት አጥብቃ ያስተማረችው ነገር አለ፦ ሕመሙ እስኪመለስ አትጠብቁ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስጡ። የሚጠጣ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ የምንሰጠው ለዚሁ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ እንዳይቋረጥ የመኝታው መጠን ብዙ ጊዜ እጥፍ ይታዘዛል። የሆድ ማለስለሻ አብሮ መታዘዙንም ሳላረጋግጥ ከአልጋው አልርቅም፤ ድርቀቱ በራሱ ስቃይ ነው። ቤት ሲሄዱ ግን ብልቃጡን ደብቆ «ሲብስባት ብቻ» የሚሰጥ አስታማሚ አለ። ሱስ ያስይዛታል ወይም ይገድላታል ብሎ ነው። መጠኑ ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ እስከተጨመረ ድረስ ሞትን እንደማያፋጥን ሳይሰለቹ ማስረዳት፣ የመጀመሪያውንም መጠን አስታማሚው በገዛ እጁ ለክቶ እንዲሰጥ አጠገቡ መቆም ያስፈልጋል።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ከቤተሰብ ጋር የምንከራከረው በምግብ ነው። ልጅ አጥሚቱን በማንኪያ ይዛ «እባክሽ እማዬ፣ አንዴ ብቻ» ትላለች፤ እናት መዋጥ አቅቷት ትን ይላታል። «ተዪ» ማለት ለእሷ እናትሽን በረሃብ ግደያት እንደማለት ነው። ስለዚህ ሰውነቱ እየተዘጋ ስለሆነ ረሃቡም እንደሚጠፋ እነግራትና ንጹሕ ጨርቅ በውኃ አርሳ አፏን እንድታጸዳላት፣ ከንፈሯን ቫዝሊን እንድትቀባት አሳያታለሁ። ጠበልም ከሆነ በዚያው ጨርቅ ከንፈሯን ታርስላት፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ግን አይፍሰስ።

ከሁሉ የምንዘነጋው ለቤተሰቡ ቀድመን መንገር ያለብንን ነው። እጅና እግር እንደሚቀዘቅዝ፣ ትንፋሹ ቆም ብሎ እንደሚመለስ፣ ጉሮሮው ሊያጓራ እንደሚችል፣ ድምፁ ለሰሚው የሚያስፈራውን ያህል ታማሚዋን እንደማያስጨንቃት። ቤቷ ማረፍ የፈለገችን እናት፣ ይህን ያልሰማ ልጅ በእኩለ ሌሊት ታክሲ ጠርቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዟት ይሮጣል፤ መንገድ ላይ የምታርፍም አለች። እኔ ይህን ሁሉ ገና በቀን፣ ታማሚዋ ለመነጋገር አቅም እያላት፣ ማን ማንን እንደሚጠራና በየትኛው ስልክ እንደሚደወል ሳይቀር ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ እጨርሳለሁ።