«እኛ» አለ፣ «እኔ» የለም

የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ለዜግነት አመልካቾች ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር አውጥቷል፤ አንዱ ለንባብ ፈተና፣ ሌላው ለጽሕፈት። ሁሉም የሚያየው እንደ ማጥኛ ወረቀት ነው። እዚህ ግን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ እናንብበው። ቃል የሚመርጥ ሁሉ ተናጋሪውንም እየመረጠ ነውና።

ዋሽንግተንና ሊንከን አሉ። ኮንግረስ፣ ሰንደቅ ዓላማና ኋይት ሀውስም አሉ። በጽሕፈቱ ዝርዝር ያሉት ቀለሞች ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ብቻ ናቸው። ከወራቱም የገቡት ሰባት ናቸው፤ ጃንዋሪ የተወለደ ሰው በእነዚህ ቃላት ልደቱን መጻፍ አይችልም። «መክፈል» አለ፣ «ግብር» አለ። «አባት» ያለው «የአገራችን አባት» በሚለው ውስጥ ብቻ ነው። «እናት» እና «ልጅ» ጭራሽ የሉም። ከሁሉ የሚገርመው ግን ይሄ ነው፦ «እኛ» በሁለቱም ዝርዝር አለ፣ «እኔ» በአንዱም የለም።

ዝርዝሩ ያጠረው ለተፈታኙ ታስቦ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን መጻፍ ይበቃል። የመናገር ችሎታ የሚመዘነው ግን ሌላ ቦታ ነው። ጠያቂው የማመልከቻውን ፎርም ይዞ ስለ አምባገነን ፓርቲ፣ ሰውን ስለ ማሳደድ፣ ስለ ታማኝነት መሐላ ይጠይቃል። እነዚህ ቃላት ዝርዝሩ ላይ የሉም። እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፤ ሰነዱ ሌላ፣ ኮዱ ሌላ ሲሆን።

የሚጎዳው ማነው? በ60 ዓመታቸው ግሪን ካርድ ይዘው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጃቸው ቤት የገቡ አንዲት እናት እንበል። ከአምስት ዓመት በኋላ ዜግነት መጠየቅ ይችላሉ። እንግሊዝኛው ካልሆነላቸውና ሐኪም የሚመሰክርለት ሕመም ከሌለባቸው፣ በዕድሜ ነፃ የሚሆኑት ግሪን ካርዱን 15 ዓመት ከያዙ በኋላ ነው፤ በ75 ዓመታቸው ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ አዲስ አበባ ለቀረ ባለትዳር ልጃቸው ማመልከት አይችሉም። ያ የዜጋ መብት ነው። ረጅሙ ወረፋም የሚጀምረው ካመለከቱ በኋላ ነው።

አገር ቋንቋዬን ቻሉ ማለቱ ነውር የለበትም። ግን ኑሮ የሚጠይቀውን ቋንቋ ይጠይቅ። እኚህ እናት ፋርማሲ ገብተው ያመማቸውን ከተናገሩ፣ አውቶቡስ ሹፌሩን ጠይቀው ቤታቸው ከደረሱ፣ እንግሊዝኛ ችለዋል። ይህን ለመናገር መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቃል «እኔ» ነው።