ዳንከን ለምን አረጀ?

በታሪክ የሚታወቀው የስኮትላንድ ንጉሥ ዳንከን ቀዳማዊ የሞተው አልጋው ላይ አይደለም። ስድስት ዓመት ገደማ ከነገሠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1040 ከማክቤዝ ጋር ተዋግቶ ወደቀ፤ ዕድሜውም ገና አልገፋም ነበር። ሼክስፒር በ1606 ገደማ በጻፈውና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ማክቤዝ» ግን ዳንከን ሽማግሌ ነው፤ የሚገደለውም በእንግድነት ባደረበት ቤት፣ ተኝቶ ሳለ።

ሼክስፒር የተጠቀመበት የሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ንጉሡን ገር፣ ጥፋተኛን ለመቅጣትም የሚለግም አድርጎ ያቀርበዋል። የማክቤዝ የጦር ባልደረባ ባንኮም በዚያ የግድያው ሴራ ተካፋይ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ይህን ሁሉ ከሞላ ጎደል ሰርዞ፣ የመኝታ ቤቱን ግድያ ከሌላ ንጉሥ፣ ከደፍ ታሪክ አመጣ። በዚህም ነፍሰ ገዳዩን ሰበብ አሳጣው። ማክቤዝ ለብቻው ሲያወጣና ሲያወርድ ንጉሡ ሥልጣኑን በትሕትና እንደያዘ፣ እሱም ዘመዱ፣ ሎሌውና አስተናጋጁ እንደሆነ ያምናል፤ የሚገፋው ምኞቱ ብቻ ነው።

ታዲያ ዳንከን ሞኝ ነው? ብዙ አንባቢ እንዲህ ይላል፤ ፍርዱ ግን የችኮላ ይመስላል።

የአንደኛው ገቢር አራተኛ ትዕይንት ቀረብ ብሎ መታየት አለበት። የከዳው የካውዶር ሹም በሞት መቀጣቱ ሲነገረው፣ ንጉሡ የሰውን ልብ ከፊቱ የሚያነቡበት ጥበብ እንደሌለ፣ በዚያ ሰው ላይም ሙሉ እምነት ጥሎ እንደነበር ይናገራል። ንግግሩ ሳይቋጭ ማክቤዝ ይገባል፤ የካውዶርን ሹመት የተቀበለው ማክቤዝ! ንጉሡም በምስጋና ያንበሸብሸዋል። እንግዲህ አደጋውን በቃል ያውቀዋል። ግን ምን ያድርግ? ራሱ አይዋጋም፤ የጦርነቱን ወሬ የሚሰማው ደሙ ከሚፈስ ወታደር አፍ ነው። ዙፋኑን የሚያቆሙለት ሌሎች ናቸው፤ እሱ በሹመት ይከፍላል። ካላመናቸው ማን ይዋጋለታል?

ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። እዚያው ትዕይንት ላይ ልጁን ማልከምን አልጋ ወራሽ ያደርግና፣ ያሞገሰውን የጦር አዛዥ ፊት ቀና ብሎ ሳያይ ቤቱ ሊያድር ይነሣል። የማክቤዝ ቤት ወዳለበት ኢንቨርነስ ሲደርስ የአየሩን መልካምነት ያደንቃል፤ ለባለቤቲቱም አልማዝ ይልካል።

ግድያው ከመድረክ ውጭ ይፈጸማል። ሮማን ፖላንስኪ በ1971 ፊልሙ ድርጊቱን አሳይቶታል፤ ደሙ በዛ እንጂ ድንጋጤው አልጨመረም። አኪራ ኩሮሳዋ በ1957 ባወጣው «የደም ዙፋን» ደግሞ የሚገደለው ገዥ ራሱ ጌታውን ገድሎ ሥልጣን የያዘ ነው። የዋሁ ንጉሥ ሲቀር ኃጢአቱም አብሮ ይቀልላል፤ ጃፓናዊው ዳይሬክተር ይህን አውቆ ያደረገው ይመስላል።

ከአባቱ ስሕተት የሚማረው ማልከም ነው። በአራተኛው ገቢር እንግሊዝ ተሰዶ ሳለ ስኮትላንዳዊውን ሹም ማክደፍን ለመፈተን ሴሰኛና ስስታም ነኝ እያለ ራሱን በሐሰት ያጠለሻል። በመጨረሻው ትዕይንት ግን እሱም ለተዋጉለት ሹማምንት የኧርልነት ማዕረግ ያድላል።